ባለሱቋ ተማሪ

ዛሬ አስተማሪያችን «እውነተኛ ባለሱቅ ይዛችሁ በመምጣታችሁ ጎበዞች!» ብሎ ለቡድናችን አስጨበጨበ።

ባለሱቋ እኔ ነኝ። ተማሪዋም እኔው ነኝ።

ላፍቶ ያለችውን ሱቄን ለእህቴ እየተውኩ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ እማራለሁ። የቡድን ሥራችን ለሱቅ የሚሆን ሲስተም ነበር፤ እኔም አብሬ ሠርቻለሁ።

ጠዋት ግን የቡድኔ ልጆች «ማዘር፣ አንቺ ባለሱቋን ሁኚልን፤ ማብራራቱን ለእኛ ተዪው» አሉኝ።

አስተማሪው አዲስ ነው፤ ትወናዬም ሳይዋጣልኝ አልቀረም። «እናት፣ እናመሰግናለን፤ አሁን መሄድ ይችላሉ» አለኝ።

ልጆቹን አየኋቸው። ሁሉም ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

ወጣሁ። በር ላይ ቆሜ ስም ሲጠራ ሰማሁ። ስሜ ሲደርስ አንዱ የቡድኔ ልጅ «ቀርታለች» አለ።

እናንተስ፣ በር ላይ ቆማችሁ ቀሩ የተባላችሁበት ቀን አለ?