«ገብቷል» ያለው ግብ ጠባቂ

ልጅ ሳለሁ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር በነበረን ጠባብ ፎቅ ቤት የእሑድ ምሽት የጋሽ መኮንን ነበር። ጋሽ መኮንን አገር ቤት ከእናቴ ጋር በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠሩ፣ ለንደን ከመጡ ወዲህ ደግሞ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ የሚውሉ ሰው ነበሩ፤ ልብሳቸው ሁልጊዜ ያረረ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። እናቴ አምፖሉን ታጠፋና የጋዝ ማሞቂያውን ብቻ ትተዋለች፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት በዚያ ቀይ ብርሃን ፊት ምንጣፉ ላይ ተጋድመን የእሳቸውን አፍ እንጠብቃለን። ያኔ ለእኔ ፍም ማለት ያ ማሞቂያ ነበር።

ተረታቸው ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሳይሆን ስለ ፋብሪካ ነበር። ድሮ እዚሁ እንግሊዝ አገር ሠራተኛው በጡሩምባ ገብቶ በጡሩምባ ይወጣ ነበር ይሉናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሲለቀቅ መጠጥ ቤት ገብቶ እንዳይቀር ጌቶቹና ቄሶቹ ኳስ ሰጡት። «ከኳሱ ጋር ስብከቱንም ሰጡት» ይላሉ እየሳቁ፣ ሳል ሲይዛቸው ቆም እያሉ። ለጥቅም የሚጫወት ስፖርተኛ አይደለም፤ ዳኛ ያላየውን ራስህ ተናገር፤ ስትሸነፍም ጨብጥ። ያ ስብከት ባሕር ተሻግሮ እሳቸው ፋብሪካ ደረሰ፤ የውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ማልያ ሲያድል እሱንም አብሮ አደለ።

ከዚያ የምንወደው ክፍል ይመጣል። በፋብሪካዎች ውድድር ፍጻሜ አንድ ግብ ጠባቂ መስመር ያለፈችውን ኳስ ጎትቶ ያወጣል። ዳኛው አላየም። ግብ ጠባቂው ግን እጁን አንሥቶ «ገብቷል» ይላል። ቡድኑ ይሸነፋል፤ ተጋጣሚዎቹም ተሰልፈው ይጨብጡታል። እዚህ ሲደርሱ ጋሽ መኮንን ተራ በተራ እጃችንን ይጨብጡና ተረቱ ያልቃል። ግብ ጠባቂው ማን እንደነበር ነግረውን አያውቁም፤ የተጣመሙ ጣቶቻቸውን እያየን ግን እናውቅ ነበር።

ዳዊት ግብ ጠባቂ የሆነው በእሳቸው ምክንያት ነው። አንድ ትልቅ ክለብ ለሙከራ ሲጠራው ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። በሙከራው ዕለት ጋሽ መኮንን ፈረቃቸውን ቀይረው ሊያዩት ሄዱ፤ እኔንም ይዘውኝ። ኳሷ መስመሩን አለፈች፣ ዳዊት ጎትቶ አወጣት፣ ዳኛው ጨዋታው ይቀጥል አለ። ወንድሜ እጁን አነሣ። ከሜዳው ዳር የቆሙት አሠልጣኞች ተያይተው ሳቁ። ማንም አልጨበጠውም።

ሳይመረጥ ቀረ። በማግሥቱ ከማሞቂያው ፊት ተቀምጦ «ሬፈሪው አላየም ነበር እኮ» አለ። «ዝም ብል ሴሌክት ያደርጉኝ ነበር።»

«ደግ ነው ያደረግኸው፣ ልጄ» አሉት ጋሽ መኮንን፤ እንደ ተረቱ ሊጨብጡትም እጃቸውን ዘረጉለት።

እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «ጋሽ መኮንን፣ መጨረሻውን ለምን አይነግሩትም?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ዳዊት ዞረች። «ያ ሲሰብክ የነበረው ሥራ አስኪያጅ ዋንጫው ሲያመልጠው የጋሽ መኮንንን ዓይን ማየት ጠላ። ሰኞ ዕለት ከቡድኑ አስወጥቶ ማቅለሚያ ክፍል ከተታቸው። ይሄ ሳል የዚያ ቀለም ጭስ ያመጣው ነው።»

«ለምን አልነገሩንም?» አለ ዳዊት።

«ብነግርህ ኖሮ እጅህን ታነሣ ነበር?» አሉት ጋሽ መኮንን።

ዳዊት ተነሥቶ መኝታ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋው። ጋሽ መኮንን የተዘረጋች እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ብዙም ሳይቆዩ ከእኛ ርቀው ባተርሲ በሚባል ሰፈር ቤት አግኝተው ሄዱ፤ ለበዓል ሲመጡም ተረት የሚጠይቃቸው አልነበረም። ዳዊት ጓንቱን ዳግመኛ አላጠለቀም። ያን ምሽት እኔ እንኳ ተነሥቼ ያችን እጅ አለመጨበጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እሳቸው አልፈዋልና አሁን የሚጨበጥ እጅ የለም።

አሁን ተረቱን ለልጄ እነግራታለሁ። ማቅለሚያ ክፍሉን፣ ሳሉን፣ የዳዊትን የተዘጋ በር ልነግራት ብዬ እጀምርና፣ ግብ ጠባቂው እጁን ሲያነሣ ፊቷ ሲበራ አያለሁ።

«ከዚያስ?» ትለኛለች።

እጇን እጨብጣታለሁ። «አለቀ» እላታለሁ።