ገርበብ ያለው በር

ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። የራሴን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ። ያስጀመረኝ ባለፈው እሑድ በቀበሌያችን የተደረገ ስብሰባ ነው። ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት የመጣች ሴት «ሰውን ያለ ሕግ ማሰር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ «ቆልፎ መያዝ ነዋ!» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ የማውቀውን ቤቴ ገብቼ ልጽፈው ወሰንኩ።

ገና ልጅ እግር ሳለሁ ከራቤል ገጠር መጥቼ ሞላሌ ከተማ እትዬ አስካለ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነውን ብርድ ልብስ፣ የሚነግዱ ሴት ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ የገብስ ቆሎ ሲቆሉ ከትኩሱ ይዘግኑልኝ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት ግን የወርቅ ጉትቻቸው ጠፋ። ጉሙ ከመሬት አልተነሣም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እትዬ የበግ ጠጉር ወደሚከማችበት ክፍል አስገቡኝና እንዲህ አሉ፦

«ጉትቻዬ እስኪገኝ ከዚህ ደፍ ብታልፊ በእመቤቴ ማርያም ገዝቼሻለሁ! ብትወጪ ደግሞ አባትሽን ‹ሌባ ያሳደገ› ብዬ አስይዘዋለሁ።»

በሩን አልቆለፉትም። ገርበብ አድርገውት ሄዱ።

በክፍተቱ መንገዱ ይታየኛል። ከመሐል ሜዳ የሚመጣው አውቶቡስ ጭቃውን እየረጨ ሲያልፍ አያለሁ። እግሬን ወደ ደፉ አስጠጋና መልሼ እሰበስበዋለሁ። ግዝት ያፈረሰ ዘሩ አይባረክም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቴ እጁን ታስሮ በገበያ መሐል ሲሄድም ይታየኛል። ወደ ጓሮ መውጣት ሲያስፈልገኝ እንኳ እትዬን ጠርቼ፣ ሲፈቅዱልኝ ነበር የምወጣው። ምግብ ያመጡልኛል፤ ሳልነካው መልሰው ይወስዱታል። የጠጉሩ ቅባት ሽታ ልብሴ ውስጥ ገባ። መሸ፣ ነጋ፣ ደግሞ መሸ።

ኋላ ባና የሚሠሩት ሸማኔ ጋሽ ደምሴ ጠጉር ሊወስዱ መጡ።

«አንቺ፣ በግ ሆነሽ ነው እዚህ የተጎለትሽው?» ብለው ሳቁ። በእንባ የራሰ ፊቴን አዩትና ሳቃቸው ጠፋ። የሆነውን ነገርኳቸው። ወጥተው ፖሊስ ይዘው ተመለሱ።

ፖሊሱ በሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ክፍት ነው እኮ። ታዲያ ማን ያዘሽ?» አለኝ።

ጋሽ ደምሴ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ ሰው በቃሉ ይታሰራል ሲባል አልሰማህም? ይችን ደግሞ በሌላ ሰው ቃል ነው ያሰሯት!»

«በቃ ውጪ፣ እኔ አዝዤሻለሁ» አለ ፖሊሱ።

«አልወጣም» አልኩ። በሕይወቴ የመንግሥት ሰው እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከጠመንጃው ይልቅ የእትዬ ግዝት ያስፈራኝ ነበር።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አጣምረው «አየህ? ራሷ ናት የማትወጣው!» አሉት።

ጋሽ ደምሴ ቤተ ክርስቲያን ሮጠው አንድ ቄስ አመጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ከደፉ በላይ ዘረጉልኝ። «ይህ ማስፈራሪያ ነው እንጂ ግዝት አይደለም። ቢሆንም፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። መስቀሉን ተሳልሜ ወጣሁ።

ነገሩ ክስ ሆነ፤ ጉዳዩን የያዘችው ዐቃቤ ሕግ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ «ሰውን ለማሰር ቁልፍም ገመድም የግድ አይደለም። እንዳይንቀሳቀስ የሚያስፈራውን ነገር ፊቱ ማቆም ይበቃል። ወንጀሉን መንግሥት ይከሳል፤ ካሳ የምትጠይቂው ግን አንቺ ነሽ።»

ሽማግሌ ሲመጣ ካሳውን ተውኩት። ወንጀሉን መተው ግን የእኔ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱ እትዬን ጥፋተኛ አላቸው። ጉትቻው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬም ሞላሌ ገበያ ስወጣ ሰው ሲያየኝ ‹ሌባዋ› የሚለኝ ይመስለኛል።

አሁን የራሴ ቤት አለኝ። ገርበብ ያለ በር ግን አልወድም፤ ወይ እከፍተዋለሁ ወይ እዘጋዋለሁ። አስቤ አስቤ የደረስኩበት፣ እትዬ ያን ቀን ለፖሊሱ አውቀው የዋሹ አይመስለኝም። ያደረጉት ነገር በእውነት አልገባቸውም፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የፍርዱ ቀን ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠብቀውኝ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኔ መቼ በር ዘጋሁብሽ?»