«ቢያንስ» ሲል መቀነስ

ጡረታ የወጣችው የሂሳብ መምህርት ቤት መዋል አንገፈገፋትና፣ ድሮ ያስተማረችው ልጅ ከከፈተው የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ገባች። ልጁ አሁን ሆዱ ገፍቶ፣ ከረባት አስሮ «ዳይሬክተር» ይባላል። የሰጣት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ያሉበት ነበር፤ ርዕሱም ነፍሷ የምትወደው፣ ኮምቢኔሽንና ፕሮባብሊቲ።

«ከአምስት ሴቶችና ከአራት ወንዶች ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመረጥ፤ ቢያንስ አንድ ወንድ ይኑርበት» ብላ ማርከሯን ሳትከድን ክፍሉ በአንድ አፍ «ሰባ አራት!» አለ።

ደስ አላት። «ጎበዞች! ቢያንስ ሁለት ወንድ ብንልስ?»

«ሰባ አራት!»

«እንዴት ሆኖ?»

ፊት የተቀመጠች ባለመነጽር ልጅ መለሰች። «ቲቸር፣ ‹ቢያንስ› የሚል ካየን፣ ወንድ የሌለበትን አሥሩን ከጠቅላላው ሰማንያ አራት እንቀንሳለን። ዳይሬክተሩ ናቸው ያስጠኑን።»

መምህርቷ ሳይታኘክ የተዋጠ ነገር እንዳለ ሲመለስ ያየች መሰላት። ቢሆንም አምስት ሴቶችና አራት ወንዶች አስነስታ ፊት አቆመች። «በሉ፣ ራሳችሁ ምረጡ።» ልጆቹ እየተጓተቱ፣ እየተሳሳቁ ቆጠሩ። ወንዶቹ ስድስት ጥንድ ወጣቸው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጋር አንዷ ሴት ስትገባ ሠላሳ፣ ሦስቱም ወንድ ሲሆኑ አራት።

«ሠላሳ አራት ነዋ!» ብላ ባለመነጽሯ ጮኸች።

ይሄኔ ዳይሬክተሩ በሩን በረገደው። «ቲቸር፣ ምን ጉድ ነው? ድራማ ነው እንዴ?»

«እያሰቡ ነው።»

«ማሰቡን ይተዉት! ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ነው ያላቸው። ደሞ ፈተናው ሁሌም ‹ቢያንስ አንድ› ነው የሚለው፤ ሁለት ብሎ አያውቅም።»

«አንተን እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

«እኔማ እርስዎ ባስተማሩኝ ወድቄያለሁ» አለና ሳቀ። ክፍሉም ሳቀ፤ ባለመነጽሯም ሳትቀር።

መምህርቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ግቢውን ዳግም አልረገጠችውም።

ውጤት ሲወጣ የዳይሬክተሩ ተማሪዎች አንድም ሳይቀሩ አለፉ። ባለመነጽሯ መንገድ ላይ አግኝታት ተጠመጠመችባት። «ቲቸር፣ ‹ቢያንስ አንድ› እንዳለ መጣ! ቁጥሩን ብቻ ነው የቀየሩት!»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ!» ብላ ሳመቻት፤ እሷ ምን ታድርግ። ፈተናውን ያወጡትን ግን ተጸየፈቻቸው።

ቤት ስትገባ የሆነውን ለእህቷ ነገረቻት።

«ታዲያ ሰውየው ልክ ነበራ!» አለች እህቷ።

«ልክ ነው። የሚያስጠላኝም ልክ መሆኑ ነው» አለችና የቀረበላትን ምሳ ገፋ አደረገችው።