የአለቃዬ ቃልና የወጃሌ መንገድ

ሐርጌሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ የላንድክሩዘሩን ቁልፍ ሰጠኝ፤ ሬዲዮኑን እንዴት እንደምከፍት አሳየኝ፤ ባንዲራው ከአንቴናው እንዳይወርድም አስጠነቀቀኝ። የእርዳታ ቢሮው ኃላፊ ነው፤ የውጭ አገር ሰው። «ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ወጃሌ ጠረፍ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው?» ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅኩት። «ኮምፕሊኬትድ» አለኝ። ውስብስብ ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉን ያልሰማሁበት ቀን የለም። ጄኔሬተሩ ኮምፕሊኬትድ፤ ፈቃዱ ኮምፕሊኬትድ፤ ጎማ አለቀ ብለውም ያው ነው። ውስብስብ ያልሆነው ምሳው ብቻ ነበር። እሱን የምትሠራው ዓለምነሽ ነበረች፤ የጎጃም ልጅ፣ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ተከራይታ የምትኖር።

የጎሳዎቹ ጦርነት ከተማው ውስጥ ሲገባ ሐኪሞቹም እንደሰው ሁሉ ሸሹ። በዚያው ሰሞን ዓለምነሽን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ልጁ አግድም እንደተኛ፣ ጅጅጋ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰች ሁለቱም እንደማይተርፉ ነገረችኝ። ሮጬ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ።

«መኪናውን ይፍቀዱልኝ፤ ዓለምነሽ ልትሞትብን ነው!»

ካርታው ላይ አቀረቀረ። «በጣም አዝናለሁ። ሁኔታው ኮምፕሊኬትድ ነው» አለ። ማዘኑ እውነት ነበር፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው።

በሩ ላይ የመጋዘን ኃላፊያችን መምህር ዩሱፍ ቆመዋል። ቀድሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ሐረር ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ አያንስም። «ይህን ቃል የፈጠረውን ሰው ባገኘሁት!» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ እሱ ምንም አላጠፋም» አሉኝ። «ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። አብሮ የታጠፈ ማለት ነው። አይቻልም የሚል ነገር የለበትም፤ እሱን የጨመሩበት ቢሮ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው።»

እኔ ዕድሜዬን የጭነት መኪና ሸራ ሳጥፍና ስዘረጋ የኖርኩ ነኝ። የታጠፈ ሸራ የሚዘረጋው ከላይኛው እጥፋት ተጀምሮ ነው። «እሺ፣ የላይኛው የቱ ነው?» አልኳቸው።

«ኬላው።»

«ማን ነው የያዘው?»

«የወንድሜ ልጆች።»

«ታዲያ ለአለቃችን ለምን አልነገሩትም?»

«መቼ ጠየቀኝ? እሱ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው።»

በዚያ አገር እንግዳ ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም፤ የአካባቢው ተወላጅ አባን፣ ማለትም ዋስና ጠባቂ፣ ይሆነዋል። እንግዳውን የነካ አባኑን ነካ፤ አባኑን የነካ ደግሞ ጎሳውን ሁሉ። ቢሯችን ባንዲራና ሬዲዮ ሲያሟላ አባን የሚባለውን ያሰበው የለም። መምህር ዩሱፍ ገብተው «አባናቸው እኔ ነኝ፤ አብሬ እሄዳለሁ» ሲሉ አለቃዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ። በእኛ ቢሮ ይህ ፈቃድ ነበር።

ዓለምነሽንና አዋላጇን ከኋላ ጫንን። ኬላው ላይ ጠብመንጃ የያዘው ጎረምሳ ባንዲራችንን ዞር ብሎም አላየው። «አጎቴ፣ ማንን ይዘህ ነው?» አለ። «እንግዶቼን» አሉት። ገመዱን አወረደልን።

ከገቢሌ ከተማ ወዲያ ያለው ኬላ ግን በሌሎች እጅ ነበር። መምህሩ ላባቸውን ጠረጉ። «የሚስቴ ወንድሞች ናቸው፤ ተኳርፈናል።» ዓለምነሽ ከኋላ እየጮኸች፣ እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው በአንዳቸው ሠርግ ላይ ስላልተገኙ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ መሪውን ጨብጫለሁ። ታላቅየው ሙሽራዋን ሳይቀር ሄደው ሰላም እንዲሉ ካስማላቸው በኋላ ለቀቀን።

ወጃሌን ተሻግረን ጅጅጋ ደረስን፤ ዓለምነሽ እዚያ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኔና መምህሩ ግቢው ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን።

ለወጣት ሾፌሮች የምለው ይህን ነው። መንገዱ ተዘግቷል ሲሏችሁ ማን እንደዘጋው ጠይቁ። ከዚያ የዘጋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉና ጋቢና አስቀምጡት።