ከመጋረጃው ጀርባ የተሞረደ ሲሊንደር

አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ያኔ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ፣ ዙሪያዋን ቆርቆሮ የሆነች የሞተር መጋዝ መጠገኛ ነበረችን። ከእሱና ከእኔ በቀር ሠራተኛ አልነበራትም። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው ጠቅልዬ የገባሁት። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤት ዋዪ የሚለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ወንድም አለኝ፤ እሱ የቤንዚን ሽታ ራሴን ያመኛል እያለ ወደ ሱቋ ድርሽ አይልም ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሞተር ሳይክል ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ወደ መጋዝ ሥራ ያስገባው አንድ ባሕር ዛፍ ቆራጭ ነበር። ሰውየው መጋዙን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገና፣ "ይኼ ነገር ጅማ እያለሁ ግንዱን እንደ ጎመን ነበር የሚቀነጥሰው፤ እዚህ ሳመጣው ያስለዋል" አለ። ሌሎች መካኒኮች ካንዴላ ቀይር፣ ዘይት ቀይር እያሉ አመላልሰውታል። አባቴ አስነስቶ ድምፁን ትንሽ አዳመጠና ሳቀ።

"አየሩ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። መጋዝህ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ይጠጣል፤ የሚተነፍሰው ግን የለውም።"

ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ጠበቅ አድርጎ ቤንዚኑን ቀነሰለት። መጋዙ ወዲያው ድምፁ ጠራ። ሰውየው አባቴን አቅፎ ሊያነሳው ደረሰ። ከዚያ በኋላ አባቴ በዚያ ብቻ አልረካም። አንድ የተጣለ መጋዝ ገዝቶ እየፈታ፣ እየገጠመ፣ እየሰበረም ተማረ። ማርሚታውን ከፍቶ ጭሱ ሳይታፈን እንዲወጣ አደረገ። ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በስስ ለውጦ እመቃውን ጨመረ። ከሁሉም በላይ ግን ስሙን ያስጠራው ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን የጭስ ቀዳዳ በሞረድ ማስፋቱ ነው። ይህን ሥራ በከተማው የሚደፍረው ሰው ብዙ አልነበረም። ቀዳዳው በልኩ ሲሰፋ ሞተሩ ጉልበት ይጨምራል። ልኩን ሲያልፍ ግን ፒስተኑን የከበበችው የብረት ቀለበት፣ ፋሻዋ፣ ቀዳዳው ውስጥ ትገባና ትሰበራለች፤ ስብርባሪዋም ሲሊንደሩን ቧጥጦ ይጨርሰዋል። ጠርዙም ስለት እንዳይሆን እየደባበሱ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን አልክድም፤ እጄን ይዞ፣ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ይቆርጥሻል? ከቆረጠሽ ገና ነው" እያለ ነው ያስተማረኝ።

ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ መጋዝ በማዳበሪያ ጠቅልለው የሚመጡ ሰዎች ሱቋ ደጅ ላይ ተሰልፈው ይቀመጡ ጀመር። ልክ በዚያ ሰሞን ነው እጁ የከዳው። አንድ ቀን ጠዋት ሞረዱ አዳለጠውና የደንበኛ ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ጫረበት። ሲሊንደሩን አስቀምጦ ወጣ፤ ዙሁርን ሰግዶ ሲመለስ ሞረዱን ለእኔ ሰጠኝ። በማግስቱ ከሱቋ ጥግ ካኪ መጋረጃ ሰቀለ።

"ሴት ነካችው ካሉ አይመጡም። ሰው አታውቂም አንቺ" አለኝ።

እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ቅር አላለኝም። የእሱ ክብር የእኔም ነው ብዬ ነበር። አባቴ ከፊት ሆኖ ከደንበኛው መጋዙን ይቀበላል፣ አስነስቶ ይሰማል፣ ችግሩን ይነግረዋል፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ባትሪ አብርቼ እሞርዳለሁ። ሰውየው ሲመጣ አባቴ አውጥቶ ያስረክበዋል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ አፌን በመዳፌ ይዤ የሳቅሁባቸው ቀናት አሉ። ሻይ ይዤ ስወጣ ደንበኞቹ "እግዜር ይስጥልን፣ እህት ዓለም" ይሉኛል፤ ጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር ቅባት የሚያይ ግን አልነበረም።

ከሁሉም ደንበኞች የሚለይ አንድ የሰበታ ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከመጋዙ የማያንስ። ዛፍ ኮንትራት እየያዘ የሚቆርጥ ነው፤ የእሱ መጋዝ ከሁለት ሰው መጋዝ ይበልጣል እያሉ ያወሩለታል። በመጣ ቁጥር አባቴን፣ "ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው! እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም!" እያለ ሊስመው ይጎነበሳል። አባቴ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታል። ሰውየው ትሕትና ይመስለዋል። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ዓመታት ሲያልፉ ሳቄ ጠፋ። አንድ ቀን አባቴ ዞር ብሎ "ልጄ ናት እኮ" ይላል ብዬ እጠብቅ ነበር። አላለም።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። ፈቃድ ያላቸው ሱቆች ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ሼድ ይሰጣቸዋል ተብሎ ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። ወንድሜ ያን ጊዜ የሰው መኪና በሜትር ታክሲነት ይነዳ ነበር። ድንገት ወደ ሱቋ መመላለስ ጀመረ። በር ላይ ወንበር ስቦ ከአባቴ ጋር እየተንሾካሾከ ይቀመጣል። እኔ አባቱ ናፍቆት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱም ደህና ልብስ ለብሰው ሄዱና ምሳ ሰዓት ላይ እየሳቁ ተመለሱ።

"ሼዱ ወጣልን" አለኝ አባቴ።

"አልሐምዱሊላህ! በስምህ ወጣ?"

"በወንድምሽ ስም አዛውሬዋለሁ።"

ሲሊንደሩ እጄ ላይ ነበር። ቀስ ብዬ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት።

"አባ፣ እሱ ካንዴላና ካርቡራተር አይለይም እኮ።"

"ይማራላ።"

"እኔስ?"

"አንቺማ አለሽ አይደል? አብረሽው ትሠሪያለሽ። ነገ ትዳር ሲመጣ ግን ሱቁ ሌላ ቤት ገባ ማለት ነው። እንዴት አድርጌ?"

ሠላሳን ካለፍኩ ቆይቼ ነበር፤ ትዳር ሲያልፍ እንጂ ሲመጣ አላየሁም ነበር። ያለፈውም እዚያው መጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው ያለፈው። ይህን አልነገርኩትም። ያልኩት፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት የሠራሁትስ?" ብቻ ነው።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት አልነበረበትም ፊቱ ላይ፤ የሚያሳርረኝም እሱ ነው።

"ስትሠሪ ማን አየሽ?" አለኝ።

ወንድሜ ስልኩን እየነካካ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሱቋ የፈረሰች ዕለት ዕቃ ጭነን ስናበቃ ሞረዶቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አባቴ አየኝ። "እነሱን እንኳ ተያቸው፤ ወንድምሽ በምን ይሠራል?" አለ። አውጥቼ መኪናው ላይ አስቀመጥኩለት። እኔ ሼዱ ጋ አልሄድኩም። ቤትም ብዙ አልቆየሁም። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራየሁና ተክለ ሃይማኖት የውሃ ፓምፕና የሞተር መጋዝ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ካርቶን መክፈትና ካርቶን መዝጋት ነው። ደንበኛ ጉልበቱ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ "አሪፍ ነው" እላለሁ።

ወንድሜ አንድ መካኒክ ቀጥሮ በአባታችን ስም መሥራት ቀጠለ። ደንበኛውም ባለሙያው ያው ሽማግሌው ነው ብሎ ተከትሎ ሄደ። ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ እኔ ጋ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሲሊንደር ይዟል።

"አንዴ እዪልኝ፣ እህቴ። ምን እንደነካው አልገባኝም።"

ገለጥኩት። ዓይኔን መጨፈን አላስፈለገኝም። የጭስ ቀዳዳው በማሽን ተበልቶ አራት ማዕዘን ሆኗል። ጠርዙ ቢላ ነው። ፋሻዋ ገብታ ተሰብራ ግድግዳውን እንደ ድመት ቧጥጣዋለች። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይ የማን መጋዝ እንደሆነ አወቅሁ፤ የሰበታው ሰውዬ ነው። ያንን ሲሊንደር ስሞርድ ስንት ጊዜ በጣቴ እንደዳበስኩት አውቃለሁ።

"ይኼ አለቀ። አዲስ ሲሊንደር መግዛት ነው ያለበት" አልኩት።

"ገዝቻለሁ። አዲሱን አንቺ ሥሪልኝ። ማታ ቤት ወስደሽም ቢሆን።"

"እሠራለሁ። ግን ስታስረክበው እህቴ ናት የሠራችው በለው።"

ሳቀ። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ተቆጣ።

"ምን ይጠቅምሻል እሱ? ሴት ሠራችው ካልኩት መጋዙን ይዞ ሌላ ጋ ይሄዳል! ሥራውን እያበላሸሽብኝ ነው።"

"እንግዲያው መካኒክህ ይሥራው።"

ጋዜጣውን ጠቅልዬ መለስኩለት። ከሱቁ ሲወጣ፣ "አባባ እኮ አሞታል፤ አንቺ ግን ድሮም ልብሽ ደረቅ ነው" አለኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የሰበታው ሰው ራሱ እኔ የተቀጠርኩበት ሱቅ ገባ። ከስቷል። አዲስ መጋዝ እየገለበጠ እያየ ለአሠሪዬ ምሬቱን ይነግረዋል። "ጋሼ አረጁ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አሠርቼው ሁለት ጊዜ ሞተሩ ነክሶ ቆመብኝ። ኮንትራቱን ለሌላ ሰው ሰጡብኝ። እንደዚያ ያለ እጅ እንዲህ ይሁን!"

አላስቻለኝም። "ጋሼ አይደሉም የሠሩት" አልኩት።

"ታዲያ ማን ነው?"

"አሁን የሠራው ሌላ መካኒክ ነው። ድሮም ግን እሳቸው አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።"

ሰውየው ትክ ብሎ አየኝ። ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ፤ አወቀኝ።

"አንቺ ሻይ የምታመጪልን ልጅ አይደለሽ?"

"አዎ።"

"የእሳቸው ልጅ?"

"አዎ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ተይ፣ እህቴ። አባትን እንዲህ አይሉም። ቢያረጁም አባት ናቸው" አለና ወደ አሠሪዬ ዞረ። ካርቶኑን አሽጌ ሰጠሁት። ያቺ መጋዝ እንዳለች ለተሠራችበት አገር አየር ተስተካክላ የመጣች ናት፤ ሰበታ ላይ እንደምትደክምበት አውቅ ነበር። ካርቡራተሯን እንዲያስተካክል ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ቢሰማኝ ኖሮ እነግረው ነበር።

ወንድሜ ሼዱን ለብረት በር ሠሪዎች አስተላልፎ ዱባይ ሄደ። ሞረዶቹም፣ ጠረጴዛውም፣ አባቴ የተማረባት የመጀመሪያዋ መጋዝም አብረው ተሸጡ። ለአባቴ የነገረው አየር ማረፊያ ከገባ በኋላ በስልክ ነው። ጎረቤት ደውሎልኝ ስሄድ አባቴ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ መደበቁን ትቶታል። ልብሱን በፌስታል ሰብስቤ ወደ ክፍሌ ይዤው መጣሁ። ጓደኛዬ ሌላ ቤት ፈለገች፤ አልፈርድባትም።

አሁን ሻጭነቱን ትቼ፣ አዲስ ሞረዶች ገዝቼ፣ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ ከአንድ በያጅ ጋር ጥግ ተጋርቼ እሠራለሁ። መጋረጃ የለኝም። በያጁ በመጀመሪያው ሰሞን የመጡልኝን ሰዎች "ሞክሯት፣ ካልሆነ እኔን ውቀሱ" እያለ ያሳምንልኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቆመው እጄን ሲያዩ ነው የዋሉት፤ አንዳንዱ "ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ ይጠይቀኛል። መጋዙን አስነስቼ ግንድ ላይ ስሞክርለት ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይከፍላል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣው ግን እየበዛ ነው።

አባቴን ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼው ነው የምወጣው። ማንኪያ ስለማይዝለት ምሳውን ጎረቤታችን የሆነች እናት ታጎርሰዋለች። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ድምፁን ሰማሁ። ስለ እኔ እየጠየቀችው ነበር።

"እሷማ ከእኔ ተምራ ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች" አላት። "ዋናው ባለሙያ ወንዱ ልጄ ነበር። ዕድል ሆኖ ተሰደደብኝ እንጂ እሱ ቢኖር የት በደረስን!"

ገብቼ የምሳ ሳህኑን አነሳሁ። ሲያረጅ ተዘንግቶት ይሁን፣ ወይም እንደዚያ ካላመነ መኖር አቅቶት ይሁን አላውቅም። ልጠይቀው አስቤ አውቃለሁ። ግን ጎንበስ ብዬ ካልሲውን ሳወልቅለት፣ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ፣ ጥያቄውን ትቼ ሌላኛውን እግሩን እይዛለሁ።

ባለፈው ዒድ ወንድሜ ከዱባይ ደወለ። አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ለጥፎ አለቀሰ። መረቀው፤ እንደ ሰው ልጅ ሳይሆን እንደ ንጉሥ ልጅ መረቀው። ስልኩ ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ ደወለ" አለኝ።

"ሰማሁ፣ አባ።"

"ደግሞ ይደውል ይሆናል። ቻርጀሩን ሰኪልኝ።"

ሰካሁለት። ከዚያ የዒዱን ሥጋ አቅርቤ በትንሽ በትንሹ ቆራርጬ አጎረስኩት። ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር።