ታራን ይዤ ሆስፒታል የሄድኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ዙሪክ፣ ከሰፈራችን ከአፎልተርን ወርደን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስንዞር ልጄ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ከስንዝር የማትበልጥ የናስ ሴት አነሳች። «እማዬ፣ ይሄ ሐራም ነው፣ ኦደር?» አለችኝ፤ አይደል ለማለት ነው፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች አማርኛቸው እንዲህ ጀርመንኛ የተቀላቀለበት ነው። እኔ ግን ገና ሳያት አውቄያት ነበር። ታራ ናት።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ጄኔቭ ውስጥ አንዲት የኔፓል ተወላጅ ዲፕሎማት ቤት እሠራ ነበር። እናቷ አብረዋት ይኖሩ ነበር፤ እማማ እላቸዋለሁ። ታራ እሳቸው የሚሰግዱላት የናስ ምስል ናት። ሂንዱውም ቡዲስቱም ይለምናታል፣ የፈራ ሰው ሲጠራት ትደርሳለች ይላሉ። ታዲያ ገላውን ያልታጠበ፣ በዚያ ቀን እህል የቀመሰ ሰው እንዲነካት አይፈቅዱም። ማዳም ቡናዋን አልጋዋ ላይ የምትጠጣ ሰው ናትና የገዛ ልጃቸው እንኳ ተከልክላ ነበር። እኔማ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሰላቴን የማልለቅ፣ አቧራ ስጠርግ ራሱ ታራን ዞሬያት ነበር የማልፈው።

በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። መንገዱ ሁሉ የሚጠበስ ማሮን፣ እዚህ በከሰል የሚጠበሰው የዛፍ ፍሬ፣ ይሸታል፤ ለጾመ ሰው ፈተና ነው። እማማ በዚያው ሰሞን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በማግስቱ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ቀጠሮ ተይዞ፣ ታራን ሳላይ አልገባም ብለው እምቢ አሉ። ማዳም ብታስረዳ፣ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ኩሽና መጥታ ፊቴ ቆመች። ከቤቱ ሰው ሁሉ ታጥቦ የጾመ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ብታዘኝ እምቢ እላት ነበር፤ ሥራውም ይቅር። እሷ ግን ለመነችኝ።

«እናቴ እንዳትሞትብኝ» አለችኝ።

ያ ረቢ፣ ጾም ይዤ ጣዖት ልሸከም? ደግሞስ በእኔ እልህ ሰው ይሙት? እጄ እንዳይነካት በሻርፔ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ አውቶብስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ አስተግፊሩላህ እያልኩ ነበር።

ስደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ጥቅሉን አልጋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩና ወደ መስኮቱ አይተው ቆም አሉ። ለካስ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ የማፍጠሪያ ሰዓቴን ስጠብቅ ሲያዩኝ ሰንብተዋል። ቀኑን ሙሉ ያለቀሱላትን ታራ ወደ ጎን ገፋ አድርገው የራሳቸውን ውሃ አቀበሉኝ።

በተሰባበረ ፈረንሳይኛ «መጀመሪያ አንቺ» አሉኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጠጥቼ እስክጨርስ ቋጠሮውን አልነኩም።

እማማ ከቀዶ ጥገናው በደህና ወጡ፤ ከዓመታት በኋላ አገራቸው ገብተው አረፉ ሲባል ሰማሁ። ለልጄ አዎ፣ ሐራም ነው አልኳት፤ ዕቃውንም መለሰች። እምነቴ ያው ነው፣ አልተነቃነቀም። ግን ረመዳን በመጣ ቁጥር፣ ላፈጥር ስል፣ በዱዓዬ እማማን አነሳቸዋለሁ። እስላም ላልሆነ ሟች ዱዓ ይፈቀድ እንደሆነ ሼኽ ጠይቄ አላውቅም፤ አይሆንም እንዳይሉኝ እፈራለሁ።