ከመቃብሩ የተነቀሉት ዲስኮች

እታገኝ ከወሎ ወደ አንገር ጉቲን ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው ያመጣት። ስንቱ ቤተሰብ በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ ቆላው ላይ ሲራገፍ፣ እናቷ አንጓችም እሷንና ወንድሟን ጫንያለውን በሁለት እጇ ይዛ ወረደች። አባትየው አገር ቤት ሳሉ ሞቷል። ቆላው ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ዝናቡም ዝናብ ነበር። ከድርቅ የመጣ ሰው ዝናብ ሲያይ ያለቅሳል፣ እነሱም አለቀሱ። ግን ከዝናቡ ኋላ ወባው መጣ። አንጓች የመጀመሪያውን ክረምት አልጨረሰችውም።

ቤተ ክርስቲያን ገና አልተተከለም፤ ቄስም አልነበረም። ሬሳ በዛና ሰዉ ከሰፈሩ በታች ባለው ሜዳ ላይ ያለ ፍትሐት መቅበር ጀመረ። ለምልክት የሚሆን ድንጋይ በዚያ አፈር አይገኝም። እንጨት ቢተክሉ ምስጥ ይበላዋል። ያን ጊዜ ነው ጂሬኛ የሚባል የሲሬ ሰው፣ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ፣ ያለቀላቸውን የማረሻ ብረቶች እያመጣ ለሐዘንተኛ ማደል የጀመረው። ክብ ብረቶች ናቸው፤ ሰዉ ዲስክ ይላቸዋል። ግማሹን አፈር አስገብቶ፣ ግማሹን ራስጌ ላይ ማቆም ነው። የሟቹን ስም ፊደል የቆጠረ ሰው በመሮ እየመታ ይጽፍበታል። የአንጓችን ስም የጻፈው ጫንያለው ነበር። እየጻፈም፣ «ቤተ ክርስቲያን ሲተከል አፅሟን እናፈልሳለን፤ ያኔ ይፈታላታል» አላት ለእህቱ።

ቤተ ክርስቲያኑ ተተከለ። አፅሙ ግን አልፈለሰም። አንዱን ዓመት አዝመራው ገፋው፣ አንዱን ዓመት የጫንያለው ሠርግ፣ ሌላውን ዓመት በሽታ። እታገኝ ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ባል አገባች፣ ወለደች፣ ባሏንም ቀበረች። በየዓመቱ ለሰኔ ሚካኤል ወደ ሜዳው ትወርድና በዲስኩ ዙሪያ ያለውን ሣር ታጭዳለች። «ለከርሞ» ትላለች። ጫንያለውም ለከርሞ እያለ ሞተ። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ የሸሸው ሸሸ፣ የቀረው ቀረ። እታገኝ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ነቀምት ገባች።

ነቀምት ላይ ወፍጮ ቤት ትጠርጋለች፣ ዱቄት ትነፋለች። የምትኖረው በሊሊሴ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ሊሊሴ የከተማው ልጅ ናት፤ በአፏ አታርፍም፣ በልቧ ግን ክፉ አይደለችም። ከእታገኝ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፤ የትኛው የት እንደጀመረ ሁለቱም አያውቁትም።

በዚህ ዓመት በበልግ ከአንገር ጉቲን ወሬ መጣ። ሜዳው ለእርሻ ሊሰጥ ነው፣ ሊታረስ ነው ተባለ። እታገኝ ለደብሩ ቄስ ስልክ ደወለች። ቄሱም፣ «ልጄ፣ እኔ ወደ ሜዳው ወርጄ አላውቅም፤ ቦታዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ። መጥተሽ አሳዪንና አውጥተን፣ ፈትተን፣ ከቅጥሩ እናስገባታለን» አሏት። ቦታዋን እንደምታውቀው አልተጠራጠረችም። ዲስኩ ላይ ስሟ አለ። የቸገራት መንገዱ ነበር፤ መኪና አይገኝም፣ ቢገኝም ብቻዋን ለመሄድ ፈራች።

ታዲያ ሊሊሴ ከቤተ ክርስቲያኗ የሰማችውን ይዛ መጣች። በየከተማው የአካባቢያቸውን ታሪክ የሚወያዩ ቡድኖች ሐሳብ ሊለዋወጡ ቅዳሜ ነቀምት ላይ ይሰበሰባሉ። ከሲሬ አለ፣ ከጉቴ አለ፣ ከአንገር ጉቲንም አለ። የአንገር ጉቲኑ ቡድን ስለ ሰፋሪዎቹ መቃብር ይናገራል። የቡድኑ መሪ ኩማ የሚባል ወጣት የታሪክ መምህር ነው። እታገኝ ስልኩን አፈላልጋ ደወለችለት፤ ከሰፋሪዎቹ መሆኗንና ወደዚያ የሚሄድ መኪና እንዳጣች ነገረችው፣ የእናቷን ነገር ግን አላነሣችም።

«አዴ እታገኝ፣ ነይ እንጂ!» አላት ኩማ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው። «እኛ እኮ የምንፈልገው እንደ አንቺ ያለውን ሰው ነው። እሑድ ስንመለስ ደግሞ በመኪናችን ትሄጃለሽ።»

እሑድ እንደምትደርስ ለቄሱ ደውላ ነገረቻቸውና ቁጭ አለች። ስንት ዓመት «ለከርሞ» ስትል ኖራ፣ አሁን «ቅዳሜ» ማለት ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ስታስተካክል ሊሊሴ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«ዛሬ ደግሞ ከምሁር ጋር ልትውዪ ነው?»

«አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ እኮ።»

«እኔ ስምንተኛ ደርሼ ምን አገኘሁ? አንቺን ተከራይ!» አለችና ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻት። «ብቻሽን አትሄጂም። ወንዶቹ ሲያወሩ አንቺን የሚያስታውስሽ የለም።»

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ፤ ሰዉ በየምርቃቱ መሃል «ሃ ታኡ፣ ይሁን» እያለ ተቀበለ። እታገኝ ድምፃቸውን ስትሰማ ነው ያወቀቻቸው። ጂሬኛ ናቸው፤ አርጅተው አባ ጂሬኛ ሆነዋል። የሲሬው ቡድን ነው ይዟቸው የመጣው። እሷም «ሃ ታኡ» አለች፣ ከልቧ።

መጀመሪያ የሲሬዎቹ ተናገሩ፤ ስለ ድሮ ገበያቸው። ገበያው የቆመበት ዋርካ ከመንገዱ በስተግራ ነበር አለ አንዱ። «ከየት ስትመጣ ነው ግራው?» አለው ሌላው። «ከቤቴ ስመጣ!» ሲል አዳራሹ ሳቀ። እታገኝም ሳቀች። ከሳቀች ቆይታለች።

ከዚያ ኩማ ወጣ። ከፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቅ ለብሷል። ኩማ ስለ ሰባ ሰባቱ ሰዎች በደንብ ተናገረ፤ ስለ ወባው፣ ድንጋይ ስለ መጥፋቱ፣ ስለ ትራክተር ነጂው ደግነት። ሰዉ ወደ አባ ጂሬኛ ዞሮ አጨበጨበ። ኩማም፣ «ይህ ታሪክ እንዳይጠፋ ቡድናችን ያደረገውን እዩልን» አለና ጨርቁን ገለጠው።

ዲስኮቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ዝገታቸው በብሩሽ ተፍቆ፣ ዘይት ተቀብተው ያበራሉ። እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዳንዱ ተነሥቶ ፎቶ ያነሳል።

እታገኝ መጀመሪያ አልገባትም። ሌሎች ዲስኮች ይሆናሉ አለች በልቧ፣ ማሳያ። ለሻይ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የእናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። የጫንያለው እጅ ነው፤ «ጓ»ን ሲመታ መሮው አምልጦት አንድ ጭረት ወደ ታች ሄዷል። በጣቷ ነካችው። ዘይቱ ጣቷ ላይ ቀረ።

«መምህር፣ ይህን ከየት አመጣችሁት?» አለች ኩማ አጠገቧ ሲደርስ።

«ከሜዳው ነዋ። አንድ ቅዳሜ ዘመቻ ወጣን፣ ሃያ ወጣት እንሆናለን። በዶማ ነቅለን ጭነን መጣን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድም አልቀረም» አለ ኩማ፣ የሥራው ደስታ ገና ፊቱ ላይ ነው። «አይዞሽ፣ ደርሰንላቸዋል። በሳምንቱ ትራክተር ገባ። ትንሽ ብንዘገይ ይሰባብራቸው ነበር፤ የተረፈውንም ቁራሌ ይወስደው ነበር።»

«ቦታቸውንስ? የማን የት እንደነበረ?»

ኩማ ዘይት የነካውን ጣቷን አየ፣ ቀጥሎ ዲስኩን፣ ቀጥሎ እሷን።

«እ… ሁሉም የነቀለውን እየያዘ ወደ መኪናው ነው የሄደው። ቁጥሩን ቤት ወስደን ስናጥባቸው ነው የጻፍንባቸው።» ቆም አለና፣ «የዘመድሽ ነው?» አላት።

«የእናቴ።»

«አዴ እታገኝ፣ እኔ እኮ… ዘመዶቹ ሁሉ አገር ለቀዋል ብለን ነው። የሚጠይቅ ያለ አልመሰለንም።»

ሊሊሴ ከኋላዋ ደርሳ ነበር። «እንዴት ነው ሰው የሚጠይቅ አልመሰለንም የሚለው? ሞታ ነው እንዴ ይቺ?» አለችው። ኩማ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይመልስላት ነበር።

እታገኝ አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። አባ ጂሬኛ ከጥግ ወንበር ላይ ብቻቸውን ሻይ ይጠጣሉ። ሄዳ እጃቸውን ሳመች።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ፣ አባ? የአንጓች ልጅ ነኝ። የጫንያለው እህት።»

«ያቺ ቀጭኗ!» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው በራ። «ውሃ ታመጪልኝ ነበር ትራክተሩ ድረስ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ። አባ፣ መቃብሩ… እናቴ ከየትኛው ወገን እንደነበረች ያስታውሳሉ? ብረቱን የሰጡን እርስዎ ነዎት።»

«ማንጎው አለ አይደል፣ ከማንጎው ወደ ወንዙ ስትወርጂ…»

«ማንጎው ከተቆረጠ ቆይቷል፣ አባ።»

«እንዲያ ነው?» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ ብረቱን ለሰው እሰጥ ነበር እንጂ ከቀብሩ አልቆምም። ሥራ ነበረብኝ። ደግሞ ከትራክተር ላይ ሆነሽ ስታዪው ማሳ ሁሉ አንድ ነው።» እጇን ያዙና ቆዩ።

ከሻይ በኋላ ያለው ጊዜ ሐሳብ መለዋወጫ ነበር። ከሲሬ የመጣ ዋጋሪ የሚባል ሰው ተነሣ። ከአንገር ጉቲን ወንድሞቻችን ትልቅ ትምህርት ወስደናል አለ። እኛም አገር ከመንገዱ ዳር የቆዩ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ከብት እየታከከባቸው ያልቃሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እኛም አውጥተን፣ አጥበን ይዘን እንመጣለን። የጉቴዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳቸው የእነሱ አገር የመቃብር ድንጋዮች እንደሚበልጡ ለጎረቤቱ አንሾካሾከ።

ሊሊሴ በክርኗ ጎሸመቻት። «ተናገሪ!»

እታገኝ ተነሣች። በኦሮምኛ ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ» አለች። «እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለችው አንጓች እናቴ ናት። ያለ ፍትሐት ነው የተቀበረችው። አውጥቼ ከቤተ ክርስቲያን ላስገባት ነበር። አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። እናንተ አትንቀሉ። እባካችሁ ባለበት ተዉት።»

ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ፤ በመጨረሻ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። ሴቶች እንባቸውን ጠረጉ። መድረክ መሪው፣ «ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን፣ እናታችን! ከባለቤቱ አፍ የተሰማ ሕያው ታሪክ ይሉሻል ይሄ ነው። ቪዲዮ የያዘ አለ?» አለ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። ወደሚቀጥለው ተናጋሪ ታለፈ።

ስብሰባው ሲበተን ኩማ ፈልጎ አገኛት። ፊቱ ጠቁሯል። «አዴ እታገኝ፣ ዲስኩን ውሰጂው። የአንቺ ነው። መኪናውም… እንዳልኩሽ ቦታ አለው፤ ነገ ጠዋት እንውሰድሽ።»

«ወዴት?» አለችው።

ልትወጋው ብላ አልነበረም፤ ቸግሯት ነው። ዲስኩን አየችው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የመቃብር ራስጌ የት ይደረጋል? አልጋ ሥር? መቃብሩ ያለው እዚያ፣ ትራክተር ከገለበጠው አፈር ሥር ነው።

«ይቆይ» አለች። «ከሌሎቹ ሟቾች ጋር ይሁን።»

ዋጋሪ መሃላቸው ገባ፤ ይቅርታ እንኳ አላለም፣ ቸኩሏል፣ የሲሬ መኪና እየጠበቀው ነው። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳይሰበር እንዲወጣ ከየት በኩል ነው የምትቆፍሩት?»

ኩማ እታገኝን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ከጎኑ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጎኑ ትጀምርና… ና፣ ወደ ውጭ እንውጣ።»

ይዞት ሄደ። እታገኝ ነጠላዋን ተከናንባ በሌላው በር ወጣች። ዝናብ ጀምሯል። ሊሊሴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ እሷ አዘነበለችው። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ የእታገኝ ስልክ ጠራ። ቄሱ ናቸው። ነገ በስንት ሰዓት እንደምትደርስ፣ ቆፋሪ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ሊጠይቁ ነው የደወሉት።

እስኪያቋርጥ ድረስ በእጇ ይዛው ቆመች።